ከሺያን እስከ ሃንግዡ፦ የቻይና ጥንታዊ ከተሞች፣ ምግባቸውና የዕድሜ ጥያቄ

በቻይና ጥንታዊ ከተሞች አጭር ጉብኝት የሚያደርግ ሰው በየደረሰበት ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ይቀርቡለታል፤ የሚታይ ቅርስና የሚቀመስ ምግብ። ሁለቱም የሚወደሱት በአንድ ቋንቋ ነው። ቅጥሩ የስንት ምዕተ ዓመት ዕድሜ እንዳለው ይነገራል፤ ሾርባውም እንዲሁ። ይሁን እንጂ የድንጋይ ዕድሜና የሳህን ዕድሜ በአንድ ሚዛን አይለኩም። በግንብ ላይ ጽሑፍ ይቀረጻል፣ ጡቡም ይመረመራል። ምግብ ግን በተበላ ቁጥር ያልቃል፤ በማግስቱ እንደ አዲስ ይሠራል። እንግዲህ «ይህ ምግብ የሺህ ዓመት ታሪክ አለው» ሲባል ያረጀው ምኑ ነው? ንጥረ ነገሩ፣ አሠራሩ፣ ስሙ ወይስ የሚበላበት ልማድ?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። የትኛው መንደር እንደሚፈርስ፣ የትኛው ግንብ እንደ አዲስ እንደሚሠራ፣ የትኛው ነዋሪ በሰፈሩ እንደሚቆይ የሚወሰነው «ጥንታዊ» ለሚለው ቃል በሚሰጠው ትርጉም ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በተለያየ ዘመን ዋና ከተማ በነበሩ አራት ከተሞች፣ በሺያን፣ በሉዎያንግ፣ በካይፈንግና በሃንግዡ በኩል ይመለከታል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጉዞው ዛሬ ቀላል ሆኗል። በዜንግዡና በሺያን መካከል ያለው የፈጣን ባቡር መስመር በ2010 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሺያን ተነሥቶ ሉዎያንግ ለመድረስ ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ ካይፈንግም በዚያው አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ ትገኛለች። አራቱን ከተሞች በአንድ ሳምንት ማዳረስ ይቻላል። አገሬው በሙሉ ለበዓል የሚንቀሳቀስበትን የጥቅምት ወር መጀመሪያ ሳምንት መሸሽ ግን ብልህነት ነው። በአሳማ ሥጋ ምክንያት ምግብ የሚያስቸግረው ኢትዮጵያዊ ተማሪም ሆነ መንገደኛ «ቺንግዠን» የሚል ምልክት የለጠፉትን የሁይ ሙስሊሞች ምግብ ቤቶች በአራቱም ከተሞች ያገኛል።

ሺያን፦ በቢሮ ቦታ ላይ የተተከለ ገበያ

ሺያን የጥንቷ ቻንግአን ናት። በታንግ ሥርወ መንግሥት (618–907) ዘመን ከተማዋ 84 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ነበራት። ዛሬ ጎብኚው በብስክሌት የሚዞረው 13.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቅጥር ግን የታንግ አይደለም። በሚንግ ሥርወ መንግሥት መጀመሪያ፣ በ1370ዎቹ የተገነባ ሲሆን፣ የሚያቅፈው ስፍራም ከታንግ ከተማ አንድ ሰባተኛ ያህሉን ብቻ ነው። ከዚያ ዘመን ቆሞ የቀረው ጎልቶ የሚታይ ሕንፃ መነኩሴው ሹዋንዛንግ ከህንድ ያመጣቸው ቅዱሳት መጻሕፍት ይቀመጡበት ዘንድ በ652 የተጀመረው የትልቁ የዱር ዝይ ፓጎዳ ነው፤ እርሱም ቢሆን ደጋግሞ ታድሷል። በመካከለኛው አደባባይ ያለው የደወል ግንብ በ1384 ሲሠራ የቆመው በሌላ ቦታ ነበር፤ አሁን ወዳለበት የተዛወረው በ1582 ነው። በ1974 ጉድጓድ ቆፋሪ ገበሬዎች ያገኙትን የሸክላ ሠራዊት በተመለከተ ብዙ ስለተጻፈ እዚህ መድገም አያስፈልግም።

የምግቡ መንገደኛ የሚያመራው ከከበሮው ግንብ በስተ ሰሜን ምዕራብ ወዳለው የሁይ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ለጎብኚ የሚተዋወቀው የሐር መንገድ ነጋዴዎች የሰፈሩበት የታንግ ዘመን ገበያ ተተኪ ተደርጎ ነው። የከተማው ካርታ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በታንግ ዘመን ግብይት ይፈቀድ የነበረው ምሥራቃዊና ምዕራባዊ በተባሉ ሁለት ቅጥር ባላቸው ገበያዎች ብቻ ነበር። እኩለ ቀን ላይ 300 ጊዜ ከበሮ ተመትቶ ይከፈታሉ፤ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት 300 ጊዜ ናስ ተመትቶ ይዘጋሉ። የውጭ ነጋዴዎች ይበዙበት የነበረው የምዕራብ ገበያ የሚገኘው ከዛሬው ቅጥር ውጭ ነው። የሁይ ሰፈር ያረፈው በአንጻሩ የታንግ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በነበሩበት፣ ተራ ሰው በማይኖርበትና በማይነግድበት ግቢ ላይ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ያለው ታላቁ መስጊድ በ742 እንደተመሠረተ የሚናገር ሐውልት ቢኖረውም፣ የቆሙት ሕንፃዎች በአብዛኛው የሚንግና የቺንግ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ይህ መስጊዱን አያሳንሰውም። ጣራው፣ አጸዱና ዕንጨት ሥራው ቻይናዊ፣ ጸሎት የሚደረግበት አቅጣጫ ወደ ምዕራብ የሆነ፣ በዓለም ላይ ጥቂት አቻ ያለው ቤት ነው። የሚያከራክረው ዕድሜው እንጂ ክብሩ አይደለም።

ወደ ሳህኑ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በሺያን የሚታወቀው ሰፊ ቀበቶ የሚመስል የ«ቢያንግቢያንግ» ኑድል የሚቀርበው በጋለ ዘይት በተጠበሰ በርበሬ ነው። የበርበሬ ተክል የአሜሪካ ተወላጅ በመሆኑ ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት በእስያ አልነበረም፤ በቻይና ጽሑፍ ውስጥ ከተጠቀሰባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ በ1591 የጋው ሊያን መጽሐፍ ሲሆን፣ እዚያም የተነሣው ለዓይን ደስ እንደሚያሰኝ ተክል ነው። ስለዚህ የታንግ ሰው ይህን ሳህን ቢያይ አያውቀውም ነበር። ከ50 በላይ ጭረቶች ያሉት የስሙ የጽሕፈት ምልክትም በቀድሞዎቹ ታላላቅ መዝገበ ቃላት አይገኝም፤ በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት የተመዘገበው በ2020 ነው። ስንዴው ግን እጅግ የቆየ ስደተኛ ነው። ከምዕራብ እስያ ተነሥቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ሺህ ዓመት ቻይና ገብቷል። አገሬው እህል ሚሌት ነበር፤ ስንዴ ተፈጭቶ ዳቦና ኑድል እየሆነ የሰሜኑን ማዕድ የያዘው ቀስ በቀስ ነው። ሰሊጥ የተነሰነሰበት፣ በታንግ ዘመን «የባዕዳን ዳቦ» ይባል የነበረው ቂጣ ዛሬም በሁይ ሰፈር ምድጃዎች የሚጋገረው ቂጣ የሩቅ ዘመድ ነው።

«ያንግሩ ፓውሞ» የሚባለው የበግ ሥጋ ሾርባ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት ይገባዋል። ተመጋቢው ባዶ ጎድጓዳ ሳህንና ያልቦካ ወይም በጥቂቱ የቦካ ድርቅ ያለ ቂጣ ይሰጠዋል፤ ቂጣውን በገዛ እጁ የአተር ፍሬ እስኪያክል ድረስ ይፈረፍራል። ሳህኑ ቁጥር ተደርጎበት ወደ ማዕድ ቤት ይመለሳል። ምግብ አብሳዩ በፍርፋሪው መጠን የሾርባውንና የእሳቱን ልክ ይወስናል፤ ሥጋና ቀጭን ኑድል ጨምሮ ያበስለውና ለባለቤቱ ይመልሰዋል። ከጎኑ በስኳር የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርትና የበርበሬ ድልህ ይቀርባል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ፍትፍት ማስታወሱ አይቀርም፤ ልዩነቱ ግን እዚህ የሚፈተፍተው ባለቤቷ ወይም ወጥ ሠሪዋ ሳትሆን እንግዳው ራሱ መሆኑ ነው፤ ደግሞም ከመብሰሉ በፊት። የዚህ ምግብ ዕውቀት በሁለት ሰዎች እጅ ተከፍሎ ይኖራል። የሚፈረፍር ከሌለ አብሳዩ ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም።

ሉዎያንግ፦ ስም እንዴት ያረጃል

ከሉዎያንግ በስተ ደቡብ፣ በዪ ወንዝ ዳር ያሉት የሎንግመን ዋሻዎች የድንጋይ ዕድሜ እንዴት በትክክል እንደሚታወቅ የሚያሳዩ ናቸው። ሥራው የተጀመረው የሰሜን ዌይ መንግሥት ዋና ከተማውን ከዛሬዋ ዳቶንግ ወደዚህ ባዛወረበት በ493 አካባቢ ነው። ከ2,300 በላይ ዋሻዎችና ቅርጻ ቅርጽ ማኖሪያዎች፣ ከ100,000 የሚበልጡ ምስሎች አሉ። ታላቁ፣ 17.14 ሜትር ቁመት ያለው የቫይሮቻና ቡድሃ፣ ሥራው በ675 እንደተፈጸመና በኋላ በራሷ ስም የነገሠችው ው ዜቲያን ለወጪው 20,000 ጥቅል ገንዘብ እንደሰጠች በእግሩ ሥር በተቀረጸ ጽሑፍ ይናገራል። እንዲህ ያለ ደረሰኝ ያለው ሾርባ የለም።

የከተማዋ መለያ የሆነው «የውኃ ግብዣ» ስምንት ቀዝቃዛና 16 ትኩስ፣ በድምሩ 24 ሳህኖች አሉት። አብዛኞቹ ሾርባነት ያላቸው ሲሆኑ፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው እንደ ጅረት ይተካል። ከትኩሶቹ ቀዳሚው ከነጭ ራዲሽ የሚሠራ ነው። አትክልቱ እንደ ክር ቀጥኖ ይከተፋል፣ በዱቄት ይለወሳል፣ በእንፋሎት ይበስላል፤ ከዚያ በሾርባ ሲቀርብ ሀብታሞች የሚበሉትን የወፍ ጎጆ ሾርባ ይመስላል። አፈ ታሪኩ እጅግ ትልቅ ራዲሽ ለው ዜቲያን ቀርቦ ምግብ አብሳዮቿ በጥበብ እንዳዘጋጁትና እርሷም ስም እንዳወጣችለት ይተርካል። ዛሬ የሚጠራበት «የፒዮኒ አበባ» የሚለው ቅጽል ግን ከንግሥቲቱ ሳይሆን ከ1973 ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ የካናዳውን ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶን ወደ ሉዎያንግ ይዘው በመጡ ጊዜ ከዕንቁላል የተሠራ የፒዮኒ አበባ በሾርባው ላይ ተንሳፎ ቀረበ፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ጸና። የከተማዋ ዓመታዊ የፒዮኒ በዓል የተጀመረው በ1983 ነው። ሃምሳ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ምግቡ፣ አበባውና ንግሥቲቱ አንድ ታሪክ ሆነው ተሸመኑ።

ይህን ማጭበርበር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ስሕተትም ነው። ርካሽ አትክልትን በጥበብ የባለጸጋ ምግብ ማስመሰል በድርቅና በረሃብ በተፈተነ አውራጃ የዳበረ እውነተኛ ችሎታ ነው። ለዚህ ችሎታ ንግሥት አያስፈልገውም። ይልቅስ የሚያሳስበው ው ዜቲያን በ688 ያሠራችው ታላቅ አዳራሽ በቆመበት ስፍራ፣ በዚህ ምዕተ ዓመት የተነሣው አዲስ ሕንፃ ነው። ከሥሩ ያለው የመሠረት ፍርስራሽ እውነተኛ ነው፤ ከላዩ ያለው ግን የዘመናችን ግምት ነው። የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር በቁፋሮ የተገኙ ቅርሶችን በተመለከተ እንዲህ ያለውን እንደገና ግንባታ አስቀድሞ ይከለክላል፤ የተፈቀደው የወደቀውን ክፍል መልሶ ማቆም ብቻ ነው።

ካይፈንግ፦ ከመሬት በታች ያለች ከተማ

ካይፈንግ ለጉዳዩ ከሁሉ የላቀች ምስክር ናት፤ ምክንያቱም የሚታይ ነገር እምብዛም የላትም። በሰሜን ሶንግ ዘመን (960–1127) ወደ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ የሚኖርባት፣ በቦይ ጀልባዎች ከደቡብ በሚመጣ ሩዝ የምትቀለብ ዋና ከተማ ነበረች። ቢጫ ወንዝ ግን በተደጋጋሚ አጥለቀለቃት። ከሁሉ የከፋው በ1642 ከተማዋ በሊ ዚቼንግ አማፅያን ተከባ ሳለ የወንዙ መከላከያ በሰው እጅ ሲፈርስ የደረሰው ነው፤ በዚያን ጊዜ አብዛኛው ነዋሪ አለቀ። ውኃው ሲሸሽ ደለሉ ቀረ፤ ሰዎች ተመልሰው ከደለሉ በላይ ሠሩ። አርኪዮሎጂስቶች አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ ስድስት ከተሞችን ይቆጥራሉ። የሶንግ ዘመን መሬት ከዛሬው ጎዳና በታች ስምንት ሜትርና ከዚያ በላይ ጠልቆ ይገኛል። በ1049 የተገነባው፣ በሚያብረቀርቅ ጡብ ቀለሙ ምክንያት «የብረት ፓጎዳ» የሚባለው ባለ 13 ደርብ ግንብ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ መሠረቱ ግን በደለል ተውጧል።

ታዲያ ከሶንግ የቀረው ምንድን ነው? በታንግ ቻንግአን ሰዓት እላፊ ነበር፤ መንደሮች በየምሽቱ በራቸው ይቆለፍ ነበር። በሶንግ ዘመን ይህ ሥርዓት ፈረሰ። በ965 ንጉሠ ነገሥት ታይዙ የዋና ከተማው የሌሊት ገበያ እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ እንዳይከለከል አዘዙ። የገበያው ቅጥር ወድቆ ሱቅ ወደ መንገድ ወጣ። መንግ ዩዋንላው የተባለ ሰው ከተማዋ በጁርቼኖች እጅ ከወደቀች በኋላ በስደት ሆኖ በ1147 መቅድም በጻፈለት የትዝታ መጽሐፉ ያንን ኑሮ ይዘረዝራል። በዡ ድልድይ አጠገብ በበጋ ቀዝቃዛ፣ በክረምት ትኩስ ምግብ የሚሸጡ ነጋዴዎች፣ የሰሜን፣ የደቡብና የሲቹዋን ምግብ ለይተው የሚያቀርቡ ቤቶች፣ ቤታቸው ምግብ ሳያበስሉ ከሱቅ እየገዙ የሚኖሩ የንግድ ሰዎች ይገኙበታል። የዘመናዊ ከተማ ኑሮ መልክ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ አቻው የሚገኘው ከብዙ ምዕተ ዓመታት በኋላ ነው።

የዡ ድልድይ ራሱ ለረጅም ጊዜ በመጽሐፍ ብቻ የሚታወቅ ነበር። ከ2018 ጀምሮ በተካሄደ ቁፋሮ የድልድዩ ስፍራ ተገለጠ፤ በ2022 ደግሞ በወንዙ ግድግዳ ላይ የባሕር ፈረሶች፣ ደመናዎችና ወፎች የተቀረጹባቸው የሶንግ ዘመን ድንጋዮች ወጡ። መንግ ዩዋንላው ስለ ድልድዩ የጻፈው ከመሬት ተረጋገጠ። ስለ ምግቡ የጻፈውን ግን የሚያረጋግጥ ቁፋሮ የለም።

ዛሬ በከበሮው ግንብ ዙሪያ ማምሻውን ጋሪዎች ይሰለፋሉ። የበግ ሥጋ በከሙን ይጠበሳል፤ ትኩስ የለውዝ አጥሚት የመሰለ «የአልሞንድ ሻይ» ይቀዳል፤ በቀጭን ሊጥ ታሽገው በእንፋሎት የሚበስሉ፣ ውስጣቸው ሾርባ የሞላ ጥቅልሎች ይሸጣሉ። የኋለኞቹ ምስጢር ቀላል ነው፤ ከቆዳና ከአጥንት የተቀቀለ መረቅ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ከሥጋው ጋር ይታሸጋል፣ በእንፋሎቱ ሙቀት መልሶ ይቀልጣል። አላዋቂ በአንድ ጊዜ ነክሶ አፉን ያቃጥላል፤ ዐዋቂ ጥቂት ቀዶ አስቀድሞ ሾርባውን ይመጣል። የካይፈንግ ምግብ ቤቶች ጥቅልሉን በመንግ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ ከተጠቀሰ አንድ ሱቅ ጋር ያዛምዱታል። መጽሐፉ ግን ስለ ሾርባው ምንም አይልም፤ ስም ብቻ ጠቅሶ ያልፋል።

እንግዲህ ሳህን በሳህን ከተመረመረ ከሶንግ የመጣ ብሎ በእርግጠኝነት የሚያስቆጥር ምግብ አይገኝም። የሚበላበት ሰዓት፣ የሚበላበት መንገድ ዳር፣ ሻጩና ገዢው የሚገናኙበት ሁኔታ ግን በጽሑፍ የተመሰከረ ነው። ከ1998 ጀምሮ የዣንግ ዜዱዋንን ዝነኛ የወንዝ ዳር ሥዕል መነሻ አድርጎ የተሠራው መናፈሻ በመግቢያ ክፍያ የሶንግን ዘመን ያሳያል፤ ከውጭ ያለው የጋሪዎች ገበያ ያለ ክፍያ ያንኑ ያደርጋል፤ በተሻለ ሁኔታም።

ሃንግዡ፦ የስደተኛ ሾርባ

በ1127 ካይፈንግ ስትወድቅ ቤተ መንግሥቱና ብዙ ሕዝብ ወደ ደቡብ ሸሸ፤ በ1138 ሃንግዡ መቀመጫ ሆነች። ስንዴ በላተኛው ሰሜናዊ የሩዝና የዓሣ አገር ገባ። ዡ ሚ የተባለው ጸሐፊ እንደመዘገበው፣ ከቀድሞው ዋና ከተማ የተሰደደች ሶንግ የምትባል ሴት በምዕራብ ሐይቅ ዳር የዓሣ ሾርባ ትሸጥ ነበር። ዙፋናቸውን ያስረከቡት ንጉሠ ነገሥት ጋውዞንግ በሐይቁ ላይ ሲንሸራሸሩ ጠርተዋት ቀመሱ፤ የካይፈንግን ቅላጼ ሰምተው አዘኑላት፣ ሸለሟትም። ከዚያ በኋላ ሀብታሞች ተሻሙባት። ዛሬ በስሟ የሚቀርበው ሾርባ ከዓሣ፣ ከቀርከሃ ቡቃያ፣ ከእንጉዳይና ከዕንቁላል አስኳል ተሠርቶ በኮምጣጤ የሚጎመዝዝ ነው። የእርሷ ድስት ይህን ይምሰል አይምሰል ማንም ሊመሰክር አይችልም። ታሪኩ የሚያስተላልፈው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ መንግሥት ግማሽ አገሩን አጥቶ ሳለ ያጣውን የሚያስታውሰው በአፉ ነው። ይህን በስደት የሚኖር ሁሉ ይረዳዋል።

ሌላው የከተማዋ ዝነኛ ምግብ፣ በባለቅኔው ሱ ሺ ስም የሚጠራው ቀስ ብሎ የበሰለ የአሳማ ሥጋ፣ ከሐይቁ ጋር ይተሳሰራል። ሱ ሺ የከተማዋ ገዢ ሳለ በ1090 ሐይቁን አስጠርጎ በጭቃው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መሻገሪያ አሠርቷል፤ መሻገሪያው አሁንም ይረገጣል። ስለ አሳማ ሥጋ አበሳሰል የጻፈው ግን ቀደም ሲል በግዞት በነበረባት በሁዋንግዡ ነው። ሃንግዡ ሐይቋን ከሰጣት ሰው ሥጋውንም ወሰደች ማለት ይቻላል። ከስደቱ ወዲህ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ው ዚሙ የተባለው ጸሐፊ የሰሜንና የደቡብ ምግብ በሃንግዡ ተደባልቆ ልዩነቱ እንደጠፋ መዝግቧል።

ማን ይጠብቃል?

በ1994 የወጣው የናራ ሰነድ የቅርስ እውነተኛነት በቁሱ ብቻ ሳይሆን በአገልግሎቱ፣ በልማዱና በአሠራር ዕውቀቱም ሊመዘን እንደሚችል ተቀብሏል። ቻይናም የሉዎያንግን የውኃ ግብዣና የሺያንን ፓውሞ አሠራር በ2008 በአገር አቀፍ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብታለች። እርምጃው መልካም ነው፤ ነገር ግን የተመዘገበው ሙያ የታወቁ ምግብ ቤቶች ሙያ ነው። ጋሪ ገፊው፣ ቂጣ ጋጋሪው፣ ቂጣውን የሚፈረፍረው ደንበኛ በመዝገቡ ስም የላቸውም።

ከዚህ የሚነሣው የጥናት ክፍተት ሰፊ ነው። በሁይ ሰፈር ኑሮ የተዋቀረው በመስጊዱ ዙሪያ ነው፤ ቤተሰብ ከሱቁ በላይ ወይም ከኋላው ይኖራል፣ ልጅ ሙያውን የሚማረው እዚያው ነው። የቦታ ኪራይ ሲንርና ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሲገፋ ሱቁ ሊቀጥል ይችላል፤ ምልክቱም ቂጣውም አይለወጡም። የሚቋረጠው የትምህርቱ መንገድ ነው፤ ይህም በጎብኚ ፎቶግራፍ ላይ አይታይም። በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የሐረር ጀጎል ሰው የሚኖርባት ከተማ እንደመሆኗ፣ ጥያቄው ለኢትዮጵያውያን የቅርስ አጥኚዎችም እንግዳ አይደለም።

ለውጡ በትንሽ ነገር ይጀምራል። በሺያን ብዙ ፓውሞ ቤቶች አሁን ቂጣውን በማሽን ከትፈው ያቀርባሉ፤ አስተናጋጁ «በእጅ ነው በማሽን?» ብሎ ይጠይቃል። በእጅ መፈርፈር ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የአገሬው ሽማግሌዎች ይህን ጊዜ ለጨዋታ ይጠቀሙበታል፤ ባቡር የሚጠብቀው መንገደኛ ግን ብዙውን ጊዜ ማሽኑን ይመርጣል።